በመርፌ የወጣው ናሙና ለጂን ምርመራ ይበቃል?

ጅቡቲ ውስጥ ካርቲየ 1 ሰፈር ካሉ ወገኖች የሚመጣ ጥያቄ፦ «አባታችን ከሳንባቸው በመርፌ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ነው ተባለ። አሁን ደግሞ የጂን ምርመራ ይደረግ አሉን። እንደገና ሊወጉ ነው?»

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የወጣው ሥጋ የክር ቁራጭ ቢያክልም ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ በፓራፊን ሰም ይቀበርና «ብሎክ» ይሆናል። ከብሎኩ ላይ 4 ወይም 5 ማይክሮን ውፍረት ያላቸው ንጣፎች እየተላጡ ይመረመራሉ። ኢጂኤፍአር ወይም ኤኤልኬ በተባሉት ጂኖች ላይ ለውጥ ከተገኘ እንደ ኦሲመርቲኒብ ወይም አሌክቲኒብ ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። እስላይድ ላይ የተቀባ ሕዋስም በቂና በደንብ የተያዘ ከሆነ እንደሚያገለግል እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ዓለም አቀፍ የሳንባ ካንሰር የጂን ምርመራ መመሪያ ተቀብሏል።

ጣጣው ናሙናውን መቆጠቡ ላይ ነው። የካንሰሩን ዓይነት ለመለየት ማቅለሚያ በተደራረበ ቁጥር ብሎኩ ያልቃል፤ ለእኔ በአብዛኛው ቲቲኤፍ-1 እና ፒ40 የተባሉት ማቅለሚያዎች ይበቃሉ። በዓል ሲመጣ ፎርማሊን ውስጥ ተረስቶ የሚሰነብት ናሙና ደግሞ ዲኤንኤው ይበጣጠሳል። ያኔ ወይ ድጋሚ መርፌ ነው፣ ወይ በደም መሞከር።

ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ወይም ሌላ አገር የምትሄዱ ከሆነ የሪፖርቱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ብሎኩንም ጠይቁ። በረዶ አያስፈልገውም፤ ግን ሰም ነውና በጅቡቲ የሐምሌ ሙቀት መኪና ውስጥ አትተዉት። በእጅ ሻንጣ ያዙት። ብሎኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሪፖርቱ ጋር መግጠሙንም ከላቦራቶሪው ሳትወጡ አረጋግጡ።