የዶክትሬት ጥናት ምዕራፎችና የጫካ ቡና ወቅቶች፦ የያዩ ደን እንደ ማሳያ

የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚጠናቀቀው በተያያዙ ምዕራፎች ነው። እጩው ኮርሶቹን ያጠናቅቃል፤ ንድፈ ጥናቱን አቅርቦ ያስጸድቃል፤ መረጃ ይሰበስባል፤ ግኝቱን በምርምር መጽሔት ያሳትማል፤ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፉን በውስጥና በውጭ ፈታኞች ፊት ይከላከላል። ለዚህ ሁሉ በተለምዶ የሚታሰበው ጊዜ 4 ዓመት ገደማ ነው።

ከእነዚህ ምዕራፎች ለመዘግየት የማይመቸው የንድፈ ጥናቱ መጽደቅ ነው። ለዚህ ኢሉባቦር ጥሩ ማሳያ ናት። ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ያዩ ዙሪያ ያለው ደን ቡና በተፈጥሮው የሚበቅልበት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ በዚሁ ደን ዕፅዋትና በጫካ ቡናው ጥበቃ ላይ የሠሩት የዶክትሬት ጽሑፍ የወጣው ከምዝገባው 7 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2003 ነበር።

ቡናው የሚያብበው ከበጋው ድርቀት በኋላ ዝናብ ሲያገኝ ነው፤ ፍሬው የሚቀላውም ከ7 እስከ 9 ወር ቆይቶ ነው። ስለዚህ አበባውን የሚያጠና እጩ ንድፈ ጥናቱ ሳይጸድቅ ወቅቱ ካለፈበት፣ የዘገየው በሳምንታት ቢሆንም የሚያጣው አንድ ሙሉ ዓመት ነው፤ ይህም ከተመደበለት ጊዜ ሩቡ መሆኑ ነው። የምርምር ፈቃዱና የደኑ ተጠቃሚ ማኅበረሰብ ይሁንታም አስቀድመው ሊያዙ ይገባል።

በመሆኑም እጩውና አማካሪው የጊዜ ሰሌዳውን ከአበባው ወቅት ተነሥተው ወደ ኋላ እየቆጠሩ ቢያዘጋጁት ይበጃል።