ኮሮላ ሃይብሪድ ወይስ ሲቪክ ሃይብሪድ? ከኮፈኑ ሥር እንጀምር

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር አበሻ መኪና ሊገዛ ሲያስብ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሁለት ስም ላይ ያርፋል፤ ኮሮላና ሲቪክ። የብዙዎቻችን ልብ ደግሞ ገና ሳይጠየቅ ወደ ኮሮላ ያደላል። አዲስ አበባ ላይ «ዲኤክስ» እየተባለ ስንት ዘመን ያገለገለውን ኮሮላ እያየን ነው ያደግነው። መለዋወጫው እንደማይጠፋ፣ የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ እንደሚያውቀው ሰምተናል። ሲቪክን ግን ብዙዎቻችን የተዋወቅነው አሜሪካ ከገባን በኋላ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ ሳይጀመር ያልቃል።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ። የሁለቱ ትልቁ ልዩነት ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ጎማ በሚያደርስበት መንገድ ላይ ነው። በጣም የሚያምር ነገር ነው፤ አንዴ ከገባችሁ የትኛው ለእናንተ እንደሚሆን ለመለየት የሻጭ ምክር አያስፈልጋችሁም።

ቶዮታ ኮሮላን ያወጣው በ1966 ነው፣ ሆንዳ ሲቪክን በ1972። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም በቤንዚን ብቻ የሚሠራ ሞዴል አላቸው፤ እኔ የማወራው ግን ስለ ሃይብሪዶቹ ነው፣ ምክንያቱም ዛሬ አጓጊው ፉክክር እዚያ ነው። የኮሮላ ሃይብሪድ ሴዳን አሜሪካ የገባው በ2020 ሞዴል ሲሆን፣ ሲቪክ ሃይብሪድ ዓመታት ጠፍቶ በ2025 ሞዴል ተመልሷል። «የሲቪክ ሃይብሪድ ባትሪ ቶሎ ይሞታል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሚያወራው ስለ ድሮው ነው። ያ መኪና ሞተሩን የሚያግዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ነበረው። የአሁኑ ከመሠረቱ ሌላ ሥርዓት ነው።

በመጀመሪያ የነዳጁን ነገር እንገላገለው። የአሜሪካ መንግሥት ግምት ኤል ኢ ለተባለው የኮሮላ ሃይብሪድ ዓይነት በአንድ ጋሎን 50 ማይል፣ ለሲቪክ ሃይብሪድ ሴዳን 49 ማይል ይሰጣል፤ ከተማና አውራ ጎዳና ተደምሮ። በዓመት 15 ሺህ ማይል ብትነዱ አንዱ 300 ጋሎን፣ ሌላው 306 ጋሎን ይፈጃል። ስድስት ጋሎን! በዚህ ምክንያት አንዱን ትቶ ሌላውን መግዛት አይቻልም።

ቁም ነገሩ ያለው ከቤንዚኑ ኮሮላ ጋር ስታስተያዩት ነው። እሱ በጋሎን 35 ማይል ስለሚሄድ ለዚያው 15 ሺህ ማይል ወደ 429 ጋሎን ይጠጣል። ከ35 ወደ 50 ስትወጡ 129 ጋሎን ገደማ ታተርፋላችሁ ማለት ነው። አሁን ይህን አስቡት፦ ከ50 ወደ 65 የሚወጣ መኪና ቢመጣ ትርፉ ስንት ይመስላችኋል? ጭማሪው ያው 15 ማይል ነው፤ የሚተርፈው ግን 69 ጋሎን ብቻ ነው። በጋሎን የሚኬደው ማይል ከፍ ባለ ቁጥር እያንዳንዱ ተጨማሪ ማይል የሚያድነው ቤንዚን እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቁጥሩን ገልብጡት፤ «በዓመት ስንት ጋሎን?» ብላችሁ አስሉ። ታክሲ ወይም ኡበር ለሚሠራና በዓመት 40 ሺህ ማይል ለሚነዳ ሰው በቤንዚኑና በሃይብሪዱ ኮሮላ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 343 ጋሎን ነው። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብናስበው 1,200 ዶላር ይሆናል፣ በየዓመቱ።

አሁን ወደ ኮፈኑ ሥር እንግባ።

የኮሮላ ሃይብሪድ 1.8 ሊትር ሞተር፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ የጥርስ ስብስብ አለው። መካከል ላይ አንድ ጥርስ አለ። በዙሪያው ትንንሽ ጥርሶች ይሽከረከራሉ። ከውጭ ደግሞ ሁሉንም የሚከብ ቀለበት አለ። የመካከለኛው ጥርስ ከአንደኛው የኤሌክትሪክ ሞተር ጋር፣ ትንንሾቹን የያዘው ክፍል ከቤንዚኑ ሞተር ጋር፣ የውጭው ቀለበት ከሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሞተርና ከጎማዎቹ ጋር ተያይዟል። የቤንዚኑ ጉልበት እዚህ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉ በጥርስ በቀጥታ ወደ ጎማ ይሄዳል፣ ከፊሉ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኮምፒውተሩ የመካከለኛውን ጥርስ ፍጥነት በመቀያየር ብቻ ሞተሩ በፈለገው ዙር እንዲሠራ ያደርገዋል። የሚቀያየር ማርሽ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ የሚበጠስ የካምቢዮ ቺንጋ የለም። ለብቻው የቆመ ሞተር ማስነሻም የለውም፤ ሞተሩን የሚያስነሱት እነዚያው የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። አንድን መኪና ጠንካራ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የሌለው ነገር ነው፣ እና ይህ ሥርዓት ብዙ ነገር የለውም። ቶዮታ በፕሪየስ ከ1997 ጀምሮ ሲያሻሽለው ኖሯል። ብዙ ታክሲ ነጂዎች ለፕሪየስ ያላቸው ፍቅር የመጣው ከዚህ ነው።

ሲቪክ በሌላ መንገድ ይሄዳል። እዚያም 2 ሊትር ሞተርና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ፤ ከተማ ውስጥ ግን የቤንዚኑ ሞተር ጎማዎቹን አይነካቸውም። ጄኔሬተር ያሽከረክራል፣ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ መኪናውን የሚገፋው ትልቁ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የቤንዚኑ ሞተር እንደ ድግስ ቤት ወጥ ሠሪ ነው፤ ጓዳ ሆኖ ይሠራል፣ እንግዳው ፊት የሚቀርበው ሌላ ነው። ታዲያ አውራ ጎዳና ላይ ወጥታችሁ በአንድ ፍጥነት መንዳት ስትጀምሩ አንድ ፍሪሲዮን ይያያዝና ሞተሩ በቀጥታ ከጎማ ጋር ይገናኛል። ለምን? ጉልበትን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ መልሶ ወደ ጉልበት መቀየር መንገድ ላይ ያባክናል። በረጅም ጉዞ በቀጥታ መግፋቱ ይቆጥባል።

ይህን ልዩነት እግራችሁ ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳረፈ ታውቁታላችሁ። ሲቪክ 200 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ኮሮላ ሃይብሪድ 138። የመኪና መጽሔቶች ሲለኩት ከቆመበት 60 ማይል ለመድረስ ሲቪክ 6 ሰከንድ ገደማ፣ ኮሮላ 9 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ዋሽንግተንን በሚከበው አውራ ጎዳና በቤልትዌይ ላይ ከአጭር መግቢያ ተነስቶ በጭነት መኪኖች መካከል ለሚገባ ሰው ሦስት ሰከንድ ቀላል አይደለም። ኮሮላ ዳገት ላይ ስትጫኑት ሞተሩ ወደ ከፍተኛ ዙር ወጥቶ እዚያው ሆኖ ያጓራል። ብልሽት አይደለም፤ ጥርሶቹ የሚፈቅዱለት፣ ጉልበቱ የሚገኝበት ዙር እዚያ ስለሆነ ነው። ሆንዳ ይህ ድምፅ ሰውን እንደሚያሰለች ስላወቀ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አድርጓል። ሲቪክን በኃይል ስትነዱት የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ ወረድ ይላል፣ ልክ ማርሽ እንደሚቀይር መኪና። ግን የሚቀየር ማርሽ የለም! የጆሮና የእግር ስሜት እንዲስማማ ተብሎ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ስትሞክሩት አዳምጡት።

ከኋላ መቀመጫ ላይ ደግሞ ሲቪክ በግልጽ ይበልጣል። የኋላ እግር ማስቀመጫው 37.4 ኢንች ሲሆን የኮሮላ 34.8 ነው፤ ልዩነቱ ስድስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ቁመተ ረጅም ሰው ፊት ሲቀመጥ ከኋላ ያለው ጉልበቱ የሚነካው ወይም የማይነካው በዚች ነው። ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን ወንበር ለሚያስገባ ወላጅ፣ ወይም ቅዳሜና እሁድ እናቱንና አክስቱን ቤተ ክርስቲያን ለሚያደርስ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ዕቃ መጫኛውም በሲቪክ ሰፋ ይላል።

ኮሮላ በበኩሉ ሲቪክ የሌለው ነገር አለው። ሃይብሪዱን በአራቱም ጎማ የሚገፋ አድርጋችሁ ልትገዙት ትችላላችሁ፤ ከኋላ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ይጨመርበታል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በረዶ ብዙም አያስፈልግም። ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር ላላችሁ ግን ይጠቅማል። ያም ሆኖ ለመቆም የሚረዳችሁ ጎማው ነውና በመጀመሪያ የበረዶ ጎማ ግዙ።

ዋጋው ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በ2025 ሞዴል የኮሮላ ሃይብሪድ መነሻ ወደ 24 ሺህ ዶላር፣ የሲቪክ ሃይብሪድ ወደ 29 ሺህ ዶላር ነበር፣ ማጓጓዣና ታክስ ሳይጨመር። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ብቻውን ወደ ሥራ የሚመላለስና መኪናውን አሥር ዓመት ሊይዝ ያሰበ ሰው ኮሮላውን ይውሰድ፤ የተረፈችውን አምስት ሺህ ዶላር በሌላ ቁም ነገር ያውላት። አንድ መኪና ብቻ ያለው፣ ልጆቹ ቁመት የጨመሩ ቤተሰብ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ከኋላ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ለሲቪክ ቢከፍል ገንዘቡ አልጠፋም እላለሁ።

ለሙከራ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። የፊቱን ወንበር ለራሳችሁ ቁመት አስተካክላችሁ ከኋላ ተቀመጡ። የልጁን ወንበር ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ግጠሙት። ሁለቱንም መኪኖች በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ ዳገትና አውራ ጎዳና መግቢያ ባለበት ንዱ። ትርፍ ጎማ መኖሩንም ከፍታችሁ እዩ፤ ብዙ አዳዲስ መኪኖች በእሱ ፋንታ መንፊያና መድፈኛ ብቻ ነው የሚሰጡት።

ያገለገለ ሃይብሪድ የምትገዙ ከሆነ ጥቂት ነገር ልጨምር። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪው የሚሰጠው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ሲሆን፣ መኪናው ቢሸጥም ከመኪናው ጋር ይተላለፋል። ባትሪው የሚቀዘቅዘው በኋላ መቀመጫ አካባቢ ባለ አየር መሳቢያ ነው፤ በአቧራና በፀጉር ከተዘጋ ባትሪው ይሞቃል፣ ስለዚህ ብርድ ልብስም ሻንጣም አትደርድሩበት። ሲቪክ ከሆነ ደግሞ ሆንዳ በጥቅምት 2024 ወደ 1.7 ሚሊዮን መኪኖችን በመሪ መጨናነቅ ምክንያት ለጥገና መጥራቱን አስታውሱ፤ ከ2022 እስከ 2025 ያሉ ሲቪኮችም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ጥገናው በነፃ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት በፊት መስታወቱ ሥር የተጻፈውን የመኪናውን መለያ 17 ፊደልና ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፣ ያልተጠናቀቀ ጥገና ካለ ሻጩ ጨርሶ እንዲያስረክባችሁ ጠይቁ።