የትራክተር ኢንጀክተር ማጽጃ መቼ ይጠቅማል?

በእርሻ ወቅት ትራክተር ጥቁር ጭስ ሲያወጣና ጉልበቱ ሲቀንስ የኢንጀክተር ማጽጃ ፈሳሽ ለመግዛት የሚቸኩሉ ማኅበራት አሉ። የማኅበሩ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ምክንያቱ እንዲጣራ እንመክራለን።

ማጽጃው ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ በኢንጀክተሩ ቀዳዳዎች ላይ የተጋገረውን ጥቀርሻ ቀስ በቀስ ያስለቅቃል። ያለቀ ኢንጀክተርን ግን አያድስም፤ በናፍጣ ውስጥ የገባውን አቧራም አያስወግድም። የአየር ማጣሪያ ሲደፈንም ጥቁር ጭስ ስለሚወጣ አስቀድሞ እርሱ ይታይ።

ስለዚህ የሚከተሉት ይፈጸሙ፦

1. በርሜሉ ከመቀዳቱ በፊት 24 ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቆይ፤ ከግርጌው ያለው ዝቃጭ አይቀዳ።
2. የነዳጅ ታንኩ ማታ ከሥራ በኋላ ይሞላ። ጎድሎ ካደረ በውስጡ ያለው እርጥበት በሌሊቱ ብርድ ውሃ ይሆናል።
3. በናፍጣ ማጣሪያው (ፊልትሮው) ግርጌ የተጠራቀመው ውሃ ጠዋት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ይፍሰስ።
4. ማጽጃ ካስፈለገ ለናፍጣ ሞተር የተሠራው ብቻ፣ በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመር። የቤንዚን ሞተር ማጽጃ አይጨመር።

በዚህ ሁሉ ጭሱ ካልቀነሰ ኢንጀክተሩ በባለሙያ ይፈተሽ። ከኢንጀክተር የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ስለሚበሳ እጅ ከፊቱ አይደረግ። የግብርና ልማት ሠራተኞች ይህን ለትራክተር ነጂዎች በተግባር እንዲያሳዩ እናሳስባለን።