በብዕር የጸና ትምህርት ቤት፦ የአድሚራል ስቲቨን ሉስ ደብዳቤዎች

ታላላቅ ትምህርት ቤቶች በአዋጅ ቢመሠረቱም በአዋጅ ብቻ እንደማይጸኑ፣ ከአዋጁ በፊትም ሆነ በኋላ አንድ ትጉህ ሰው በሚጽፈው ልመናና በሚሰጠው ምክር ካልተደገፉ ፈራሾች እንደሆኑ ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን የነበሩትን የሪር አድሚራል ስቲቨን ሉስን የደብዳቤ መዝገብ ቢመረምር እጅግ ይጠቀማል። ከዚህ መዝገብ ከፊሉ በዋሽንግተን በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት፣ ከፊሉም እርሳቸው ራሳቸው ባቋቋሙት፣ በሮድ አይላንድ ግዛት በኒውፖርት በሚገኘው የባሕር ኃይል የጦር ኮሌጅ ተጠብቆ ይኖራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሉስ በ1827 በኒውዮርክ ግዛት በኦልባኒ ከተማ ተወልደው፣ በ14 ዓመታቸው ዕጩ መኰንን ሆነው ወደ ባሕር ወጡ። በዚያ ዘመን የባሕር መኰንን ትምህርት ማለት ሸራ መዘርጋት፣ መልሕቅ መጣል፣ መድፍ መተኰስና በከዋክብት አቅጣጫን መለየት ነበር፤ ሉስም ይህን ሙያ ጠንቅቀው ያወቁ ስለ ነበሩ የመርከብ አያያዝን የሚያስተምር መጽሐፍ እስከ ማዘጋጀት ደርሰዋል። ሆኖም በ1865 በጃንዩወሪ ወር፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ ፖንቲያክ የተባለችው የጦር መርከብ አዛዥ ሳሉ በሳቫና ከተማ የሰሜኑን የየብስ ጦር ይመሩ የነበሩትን ጀኔራል ሸርማንን አገኙ። የባሕሩ ጦር በደቡብ አማፅያን እጅ የነበረውን የቻርልስተንን ወደብ ለብዙ ጊዜ ሲደበድብ ኖሮ ሊይዘው አልቻለም ነበር፤ ሸርማን ግን ሠራዊታቸው በየብስ ዘልቆ ከተማይቱን ከኋላዋ የሚያገናኛትን መንገድ ሲቈርጥ በገዛ እጅዋ እንደምትወድቅ አስረዷቸው፤ በፌብሩወሪም ተከላካዮቿ ለቀዋት ሄዱ። ጦርነት የመሣሪያ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የራሱ ሕግጋት ያሉት ዕውቀት እንደሆነ፣ ይህንንም ዕውቀት ለባሕር መኰንን የሚያስተምር አንድ ቤት እንኳ በአገራቸው እንደሌለ ለሉስ የተገለጠላቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ታሪክ በአመዛኙ የብዕር ታሪክ ነው። በ1877 ለባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ለሪቻርድ ቶምፕሰን ጽፈው፣ በአገልግሎት የበሰሉ መኰንኖች የጦርነትን ጥበብ የሚያጠኑበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አሳሰቡ፤ አሳቡ ግን ሰሚ ሳያገኝ ሰባት ዓመት ቈየ። በመጨረሻ ሚኒስትር ዊልያም ቻንድለር ኦክቶበር 6 ቀን 1884 ኮሌጁን በትእዛዝ መሠረቱት። የተሰጠው ሕንፃ ቀድሞ የኒውፖርት ከተማ የድኆች መጠለያ የነበረ ሲሆን፣ በ1885 የተቀበላቸውም የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከአሥር አይበልጡም ነበር።

የአንድ ሰው የደብዳቤ መዝገብ ብዙውን ጊዜ እርሱ ከጻፈው ይልቅ የተጻፈለትን የሚይዝ ነውና፣ ሉስንም ከሁሉ ይበልጥ የምናውቃቸው ለእርሳቸው በተመለሰው መልስ ነው። ከእነዚህ መልሶች ሁሉ ስመ ጥሩ፣ ኮማንደር አልፍሬድ ታየር ማሃን ሴፕቴምበር 4 ቀን 1884 ከኢኳዶር ወደብ ከጓያኪል የላኩት ነው። ማሃን በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የአሮጌዪቱ መርከብ የዋቹሴት አዛዥ ሆነው ሳለ፣ ሉስ በኮሌጁ መምህር እንዲሆኑ ጠርተዋቸው ነበር። ማሃንም ሹመቱን እንደሚወዱት ይገልጹና፣ ዕውቀታቸው ገና እንደሚጐድል ሳይሸሽጉ፣ ምናልባት ለዚህ ሥራ የሚሆን ተሰጥዎ ከአባታቸው ወርሰው እንደሆነ ያመለክታሉ፤ አባታቸው በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት የታወቁ መምህር ነበሩና። ቀጥሎም የሚዘጋጁበት ጊዜ እንዲሰጣቸው ይለምናሉ። መጽሐፍ ፍለጋ በሊማ ከተማ ወደ እንግሊዞች ክበብ ገብተው የሞምሰንን የሮማ ታሪክ ሲያነቡ ነው፣ ከሮማ ጋር የተዋጋው የካርታጎ አዛዥ ሐኒባል ባሕሩን ቢይዝ ኖሮ የጦርነቱ ፍጻሜ ምን ይሆን ነበር የሚለው አሳብ የመጣላቸው፤ ከዚያ አሳብ የተወለዱትም የኮሌጁ ትምህርቶች በ1890 የባሕር ኃይል በታሪክ ላይ ያለውን ተጽዕኖ የሚተርከው ዝነኛ መጽሐፍ ሆነው ታተሙ።

መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ግን ሌላ ደብዳቤ አለ። በ1889 ማሃን ለሉስ ሲጽፉ፣ አሳታሚ ፍለጋ ደጅ መጥናት እንደ ሰለቻቸውና ከእንግዲህ አሳታሚዎችን መለመን እንደማይፈልጉ ይናገራሉ። በዚያው ዓመት ኮሌጁ ራሱ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ ከቶርፔዶ ጣቢያ ጋር ተደባልቆ ነበር፤ ሉስም 62 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ወጥተዋል። መሥራቹ ከሥልጣን፣ ትምህርት ቤቱ ከቤት፣ መጽሐፉ ከማተሚያ በራቁበት በዚያ ዓመት፣ የደከመው ደራሲ ችግሩን የሚያካፍለው ለሽማግሌው አድሚራል መሆኑን ሲያነቡ ልብ ይነካል። በ1892 ኮሌጁ አዲስ ሕንፃ አገኘ፤ ሕንፃውም በኋላ በሉስ ስም ተጠራ። እርሳቸውም እስከ 1910፣ እስከ 83 ዓመታቸው ድረስ፣ ኮሌጁን ከማገልገል አልተለዩም፤ በ1917ም በዚያው በኒውፖርት አረፉ።

አልበርት ግሊቭስ የተባሉ አድሚራል በ1925 ከእነዚህ ደብዳቤዎች ከፊሎቹን ከሉስ የሕይወት ታሪክ ጋር አሳትመዋቸዋል፤ የማሃን ደብዳቤዎችም በ1975 በሦስት ቅጾች ወጥተዋል። ስለዚህ ወደ ቤተ መዛግብቱ መሄድ የማይችል አንባቢም ደብዳቤዎቹን ሊያነብ ይችላል። እንዲህ ያደረገ ሰው፣ ሉስ ዓለምን ያስደነቀውን መጽሐፍ ራሳቸው አለመጻፋቸው ክብራቸውን ቅንጣት እንዳልቀነሰው ያስተውላል፤ ትምህርት ቤት ለማቋቋም የሚነሣ ሁሉ ከሕንፃና ከበጀት አስቀድሞ ከራሱ የሚበልጥ መምህር መፈለግ፣ ካገኘውም በኋላ በመከራው ቀን አለመተው እንደሚገባው ከዚህ መዝገብ ይማራል።