ለልጅ ልጆቻችን የምንተወው ደብተር

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ታካሚዎችን «በቤተሰብ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት አለ?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። ብዙዎቹ «እናቴ ታማ ሞተች እንጂ ምን እንደነበረባት አላውቅም» ይሉኛል። ዘሩን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው የአንድ አያቱን ኑሮ መናገር ያቅተዋል። ስም ይተርፋል፤ ታሪኩ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

እናም ወላጆችና አያቶች፣ አንድ ደብተር ግዙ። ከተወለዳችሁበት መንደር ጀምሩ። ዓመቱ ቢጠፋችሁ «የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ ስንተኛ ክፍል ነበርኩ?» ብላችሁ አስሉ። ውጭ አገር ላደጉ ልጆች «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፍባቸዋል። በየፎቶው ጀርባ የሰዎቹን ስም አስፍሩ። በቤተሰቡ ያለውን ሕመም አትደብቁ፤ ልጆቻችሁ በጊዜ እንዲመረመሩ ይረዳቸዋል። ዓይናችሁ ከደከመ የልጅ ልጅ በስልኩ ይቅዳችሁ።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የሕይወት ታሪክ የታተመው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የእናንተም አንባቢ ገና አልተወለደ ይሆናል።

ስትሮክ በአንድ ሌሊት አንደበት ሲዘጋ፣ ልጆች አልጋውን ከበው መልስ ሲያጡ አይቻለሁ። ለነገ አታሳድሩት።