ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ የሚቆይ የነርቭና የልብ ትርታ መታወክ

ኮቪድ 19 በአገራችን መገኘቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በወረርሽኙ የሞቱትን ሁላችን እናስታውሳለን፤ ከዳኑት መካከል ግን ትኩሳቱና ሳሉ ከለቀቃቸው ከብዙ ወራት በኋላ እንኳ ወደ ቀድሞ ኀይላቸው ያልተመለሱ ሰዎች መኖራቸውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. ለዚህ ሁኔታ ወሰን አበጅቶለታል፤ ይኸውም ሰውየው ከታመመ 3 ወር ያህል ካለፈ በኋላ የሚታይ፥ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይና በሌላ በሽታ ሊተረጐም የማይችል ሕመም ማለት ነው። ከምልክቶቹ መካከል በዚህ ወር የምንገልጸው አንዱን ብቻ፥ ሰው ከተኛበት ወይም ከተቀመጠበት ሲነሣ የሚያገኘውን ራስ ማዞርና የልብ መምታት ነው። ይህን የመረጥነው ምልክቱ ብዙ ጊዜ በስንፍና፥ በፍርሃት ወይም በዛር ስለሚተረጐም፥ ሕመምተኛውም በሕመሙ ላይ ወቀሳ ስለሚጨመርበት ነው።

ጤነኛ ሰው ብድግ ባለ ጊዜ ግማሽ ሊትር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ደም ወደ ሆዱና ወደ እግሩ ይወርዳል። ይህን የሚያርመው ያለ ፈቃዳችን የሚሠራው የነርቭ ክፍል ነው። ልብን፥ የደም ሥርን፥ ላብንና የሆድ ዕቃን እንቅስቃሴ የሚያዝዝ እርሱ ነውና፥ የደም ሥሮችን ጠበብ፥ የልብንም ትርታ በጥቂቱ ፈጠን ያደርጋል፤ ሰውየውም ምንም ሳይታወቀው ደሙ ወደ አንጎሉ ይደርሳል። ይህ የነርቭ ክፍል በታወከ ጊዜ ግን የደም ሥሮቹ በሚገባ አይጠብቡም፤ ልብም ጉድለቱን ለመሙላት ብቻውን ይሮጣል። ያን ጊዜ ዐይን ይጨልማል፥ ጉልበት ይብረከረካል፥ ሐሳብም ይበተናል፤ ጋደም ሲሉ ግን ይሻላል። ሊቃውንት ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች አንዱ፥ ቫይረሱን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ኀይል ስቶ የገዛ ነርቮቹን መንካቱ ነው።

ነገሩ ከኮቪድ ጋር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጃኮብ ዳ ኮስታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1871 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ልባቸው ያለ ልክ ይመታ የነበሩትን ወታደሮች ሲገልጽ፥ ከሕመሙ አስቀድሞ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ የያዛቸው እንደ ነበሩ አመልክቷል። ዛሬ በአጭሩ «ፖትስ» የሚባለውን ስም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. ያወጡለት ደግሞ በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ሾንዶርፍና ሎው ናቸው። በወጣት ሴቶች ላይ ይበረታል።

የመጀመሪያው ምርመራ የሚጠይቀው ሰከንድ የሚቈጥር ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ነው። ሕመምተኛው 10 ደቂቃ ያህል በጀርባው ተኝቶ ካረፈ በኋላ፥ በእጁ አንጓ ላይ ያለው የደም ሥር በ1 ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ይቈጠራል። ከዚያም ዝም ብሎ ቆሞ በ2ኛው፥ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ እንደ ገና ይቈጠራል። ቢወድቅ የሚይዘው ሰው ከአጠገቡ አይለይ፤ ራሱን ሊስት ሲል ምርመራው ይቁምና ወዲያው ይተኛ። ትርታው በ30 ወይም ከዚያ በላይ፥ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 19 ለሆኑ ደግሞ በ40 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ከቆየ፥ የደም ግፊቱ ሳይወርድ ምልክቱ 3 ወር ከቆየ፥ ሐኪም ይህን ሕመም ይጠረጥራል። ቍጥሩ ብቻውን ግን ፍርድ አይደለም፤ የደም ማነስ፥ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ መታወክና አንዳንድ መድኃኒቶችም ይህንኑ ያመጣሉ። ስለዚህ ቍጥሩን በወረቀት ጽፎ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ደረቱን የሚያመው ወይም በሥራ ላይ ሳለ ራሱን የሚስት ሰው ግን ቈጠራውን ትቶ በቶሎ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ሐኪሙ ሌላ በሽታ አለመኖሩን ካረጋገጠ፥ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ መጠጣትና ጨው ጨመር ማድረግ ብዙ ጊዜ ይታዘዛል። የደም ግፊት፥ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን በገዛ ፈቃዱ አያድርግ። ከአልጋ ሲነሡ አስቀድሞ ተቀምጦ መቆየት፥ ማዞር ሲጀምር እግርን አጠላልፎ ጭንን ማጥበቅ፥ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት ጥቂት በጥቂት መብላት ይረዳል። አቦሉ ልቡን የሚያስመታው ሰው በረካውን እንዲጠብቅ ብንመክረው ጎረቤት አይቀየመን። ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ሕመሙን ስለሚያብሰው፥ ስለ ጾም ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር መመካከር ያስፈልጋል፤ ሃይማኖቶቻችን ሕመምተኛን አያስጨንቁም።

«ተነሥተህ ብትሠራ ይለቅህ ነበር» የሚለውን የዘመድ ምክር ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ከነዚህ ሕመምተኞች አንዳንዶቹ ዛሬ ከዐቅማቸው በላይ ከደከሙ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ብሶባቸው ይወድቃሉ፤ ለነርሱ ሥራን ከፋፍሎ በመካከል ማረፍ ይገባል። እንዲህ ያለ መባባስ የሌለበት ሰው ግን ሐኪሙ ሲፈቅድለት፥ ተኝቶ ወይም ተቀምጦ በሚሠራ ቀላል እንቅስቃሴ ቢጀምር ይጠቀማል።

በትምህርት ቤት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጊዜ ፊቷ የሚገረጣ፥ ከጕንፋን ወዲህም ትምህርቷን መከተል ያቃታት ተማሪ ብትኖር፥ አስተማሪዋ ከመቅጣቱ አስቀድሞ ያስቀምጣት፤ ውሃ ከጠረጴዛዋ ላይ እንድታኖር ይፍቀድላት፤ ወላጆቿንም ጠርቶ ወደ ሐኪም እንዲወስዷት ይንገራቸው። ሕመምተኛው አስተማሪው ራሱ በሆነም ጊዜ፥ ከሰሌዳው አጠገብ ወንበር አኑሮ ተቀምጦ ቢያስተምር ርእሰ መምህሩ እንደ ነውር አይቍጠርበት።