ኮምፒዩተር ከሞደም ጋር ሲገናኝ ለምን ይቆማል? መንስኤዎቹና የመፍትሔ እርምጃዎቹ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕለት ተዕለት ሥራ በኮምፒዩተር ላይ እየተመሠረተ በመጣ ቁጥር፣ የአንድ ኮምፒዩተር ድንገት መቆም የአንድ ሠራተኛ ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ተጽፎ ያልተቀመጠ ሪፖርት ይጠፋል፤ ተገልጋይ የሚጠብቀው ደብዳቤ ይዘገያል፤ ለበላይ አካል መላክ የነበረበት መረጃም ቀኑ ያልፋል። ብልሽቱ ኮምፒዩተሩ በሞደም አማካይነት ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ቁጥር የሚደጋገም ሲሆን ደግሞ ጥፋቱ የሞደሙ፣ የኮምፒዩተሩ ወይም የመስመሩ መሆኑን ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

በዚህን ጊዜ አንዳንድ ባለሙያዎች በችኮላ የሚወስዱት እርምጃ ኮምፒዩተሩን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ነው። ይህ እርምጃ የሰነዶች ቅጂ አስቀድሞ ካልተያዘ በሃርድ ዲስኩ ላይ የተከማቸውን የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ሊያጠፋ ይችላል። በአንጻሩ ከሞደም ጋር የተያያዙት አብዛኞቹ ብልሽቶች አንድም ሰነድ ሳይነካ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው። ለዚህም የችግሩን ምንጭ በቅደም ተከተል መለየት ያስፈልጋል።

የሞደም ተግባር

ሞደም የሚለው ስያሜ የመጣው ሞጁሌተርና ዲሞጁሌተር ከተሰኙት ሁለት ቃላት ነው። መሣሪያው የኮምፒዩተሩን ዲጂታል መረጃ በመስመር ላይ ሊጓዝ ወደሚችል ሞገድ ይለውጣል፤ ከመስመሩ የመጣውንም ሞገድ መልሶ ኮምፒዩተሩ ወደሚረዳው መረጃ ይቀይራል። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር ተጠቃሚዎች የሚገናኙት በመደበኛ የስልክ መስመር ላይ በሚደውል ሞደም ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሞደም ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነው። ከዚያ ወዲህ በብሮድባንድ መስመር የሚሠሩና በሞባይል ኔትወርክ የሚያገለግሉ፣ ዶንግል በመባል የሚታወቁ የዩኤስቢ ሞደሞች ሥራ ላይ ውለዋል።

በስልክ መስመር የሚሠሩት ሞደሞች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ የመለወጥ ሥራውን በራሳቸው ማቀነባበሪያ የሚያከናውኑ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ ይህንን ሥራ ለኮምፒዩተሩ ዋና ማቀነባበሪያ የሚተዉ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ዊንሞደም የሚል መጠሪያ ያገኙ ሲሆን፣ ዋጋቸው ዝቅተኛ በመሆኑ በብዙ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ተገጥመው ለገበያ ቀርበዋል። ሥራቸው በሙሉ በሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ግን የሶፍትዌሩ ስህተት ኮምፒዩተሩን የማቆም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

አንድ መሣሪያ ሙሉውን ኮምፒዩተር የሚያቆምበት ምክንያት

አንድ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ስህተት ሲገጥመው የሚዘጋው ራሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሞደምን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር ግን በተለምዶ የሚሠራው ከርነል በሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ያለ ሶፍትዌር ያልተፈቀደለትን የማስታወሻ ክፍል ከነካ፣ ዊንዶውስ ስህተቱ ወደ ሌሎች መረጃዎች እንዳይዛመት ሲል ሥራውን በሙሉ ያቆማል። ሰማያዊው የስህተት ገጽ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም ገጹ ለጉዳት መከላከያ ተብሎ የተዘጋጀ ከመሆኑም በላይ የጥፋቱን ምንጭ የሚጠቁም መረጃ ይዞ የሚቀርብ ነው።

ይሁንና ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ ባሉት ስሪቶች ኮምፒዩተሩ ስህተት ሲገጥመው ወዲያውኑ ራሱን እንዲያስነሳ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ፣ ተጠቃሚው ገጹን ሳያነብ ያልፈዋል። ይህንን ለማስቀረት በሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ አድቫንስድ የሚለውን፣ ቀጥሎም ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ የሚለውን በመክፈት በራሱ እንዲነሳ የሚያዘውን ምልክት ማንሳት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ስህተቱ ሲደገም በገጹ ላይ የሚታየውን የስህተት ስምና ቁጥር፣ እንዲሁም የፋይል ስም ካለ እርሱን መመዝገብ ይገባል። ስሙ በሲስ የሚያልቅ ፋይል ከተጠቀሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው አንድን ድራይቨር ነው። በዊንዶውስ ፎልደር ሥር ሚኒደምፕ በተባለው ቦታ የሚቀመጡት ፋይሎችም ለባለሙያ ጠቃሚ መረጃ ይሰጣሉ።

ምንጩን የሚለዩ ሦስት ሙከራዎች

ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት የሰነዶችን ቅጂ በሌላ ማከማቻ ላይ መያዝ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ከዚህ በኋላ በማንኛውም ቢሮ ሊከናወኑ የሚችሉ ሦስት ሙከራዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሞደሙን ነቅሎ በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ወትሮው መሥራት ነው። ኮምፒዩተሩ ያለ ሞደምም የሚቆም ከሆነ ችግሩ በማስታወሻው፣ በሙቀት፣ በኃይል አቅርቦት ወይም በሌላ ክፍል ላይ ሊሆን ስለሚችል ሞደም መቀየር ወጪ ከማብዛት በስተቀር ፋይዳ አይኖረውም።

ሁለተኛው ሞደሙን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ነው። ችግሩ ሞደሙን ተከትሎ ከሄደ ጥርጣሬው በሞደሙ ወይም በድራይቨሩ ላይ ይጠናከራል።

ሦስተኛው የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በኔትወርክ ገመድ፣ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ነው። ያለ ሞደም ሲገናኝም የሚቆም ከሆነ መንስኤው በግንኙነቱ ምክንያት የሚቀሰቀስ ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። በዚህ ረገድ በቅድሚያ ሊመረመሩ የሚገባቸው ቫይረስ፣ የፋየርዎል ሶፍትዌርና እርስ በርስ የሚጋጩ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች ናቸው።

ከእነዚህ ሙከራዎች ጎን ለጎን ብልሽቱ የሚከሰትበት ጊዜም ፍንጭ ይሰጣል። ሞደሙ ሲሰካ ወይም መደወል ሲጀምር የሚቆም ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ የድራይቨር ወይም የኃይል ችግርን ያመለክታል። ግንኙነቱ ከተፈጠረ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚቆም ደግሞ ወደ ቫይረስና ወደ ኔትወርክ ሶፍትዌር ይጠቁማል። ለረጅም ጊዜ ከሠራ በኋላ የሚቆም ሲሆን የሙቀት መጨመርን መመርመር ተገቢ ነው።

የድራይቨር ግጭት

ጥርጣሬው በድራይቨር ላይ ሲያርፍ ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍቶ ቢጫ ምልክት ያለበት መሣሪያ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ችግሩ የጀመረው ድራይቨሩ ከታደሰ በኋላ ከሆነ ሮል ባክ ድራይቨር በሚለው ትዕዛዝ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ካልሆነም ድራይቨሩን አጥፍቶ ለዊንዶውሱ ስሪት የተዘጋጀውን ከአምራቹ አግኝቶ መጫን ይመረጣል። ኮምፒዩተሩ ጭራሽ አልነሳም ካለ ሴፍ ሞድ በተባለው የአነሳስ ዘዴ ገብቶ ድራይቨሩን ማስወገድ ይቻላል።

በዩኤስቢ ሞደሞች ላይ የሚያጋጥም ሌላ ችግርም አለ። ብዙዎቹ የራሳቸውን ድራይቨርና የመገናኛ ፕሮግራም ይዘው የሚመጡ በመሆናቸው፣ አንድ ቢሮ ሞደም በቀየረ ቁጥር በኮምፒዩተሩ ላይ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ተከማችተው ይቀራሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች አንድን መሣሪያ ለመቆጣጠር ሲሻሙ ግጭት ሊፈጥሩ ስለሚችሉ፣ አዲሱን ከመጫን በፊት አሮጌውን ማስወገድ ይገባል።

በቆዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ደግሞ ሞደሙና ማውሱ አንድ ዓይነት የማቋረጫ መስመር የሚጋሩበት ሁኔታ ነበር። ለምሳሌ አንደኛውና ሦስተኛው የኮም ፖርት ሁለቱም በመስመር ቁጥር 4 ይጠቀሙ ስለነበር፣ ማውሱ በአንደኛው፣ ሞደሙ በሦስተኛው ላይ ሲሆን ስልክ መደወል ሲጀመር ኮምፒዩተሩ ቀጥ ይል ነበር። መፍትሔውም አንዱን ወደ ሌላ ፖርት ማዛወር ነው።

የኃይል አቅርቦትና መብረቅ

አንድ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት እንዲሰጥ የሚጠበቅበት የኤሌክትሪክ መጠን 500 ሚሊ አምፔር ነው። የሞባይል ኔትወርክ ሞገድ ደካማ በሆነበት አካባቢ ሞደሙ በከፍተኛ ጉልበት ስለሚያስተላልፍ የሚፈልገው ኃይል ይጨምራል። ሞደሙ የራሱ የኃይል ምንጭ በሌለው ማከፋፈያ ላይ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ከተሰካ ወይም ረጅም ማራዘሚያ ከተጠቀመ ግንኙነቱ ሊቆራረጥ፣ አልፎ ተርፎም ኮምፒዩተሩ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ከኋላ በኩል በሚገኘው ፖርት ላይ በቀጥታ መሰካት ይመከራል።

በስልክ መስመር ለሚሠሩ ሞደሞች ከሁሉ የከፋው አደጋ መብረቅ ነው። በመስመሩ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ሞደሙን ከማቃጠሉም በላይ ወደ ኮምፒዩተሩ ዋና ቦርድ ሊዘልቅ ይችላል። በክረምት ወራት መብረቅ በሚበዛባቸው አካባቢዎች የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች የኤሌክትሪኩን ገመድ ብቻ ነቅለው የስልኩን መስመር ከተዉ ጥበቃው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱንም መንቀል፣ እንዲሁም ለስልክ መስመርም ጭምር የሚያገለግል መከላከያ መግጠም ያስፈልጋል።

ጥፋቱ የሞደሙ ሳይሆን ሲቀር

ኮምፒዩተር በተገናኘ ቁጥር መቆሙ ሁልጊዜ ሞደሙን ተጠያቂ እንደማያደርግ የሚያሳዩ ሁለት የታወቁ ክስተቶች አሉ። ነሐሴ 5 ቀን 1995 ዓ.ም. መሰራጨት የጀመረው ብላስተር የተሰኘው ዎርም በዊንዶውስ ኤክስፒና በዊንዶውስ 2000 ላይ የነበረውን ክፍተት ተጠቅሞ ገባ። ኢንተርኔት እንደተከፈተ ኮምፒዩተሩ በ60 ሰከንድ ውስጥ እንደሚዘጋ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይመጣ ስለነበር፣ በሞደም የሚገናኝ ተጠቃሚ ጥፋቱን በሞደሙ ላይ ቢያሳብብ የሚያስገርም አልነበረም። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ግን ዎርሙ ከመታየቱ ከ26 ቀናት በፊት ነበር።

በሚያዝያ ወር 1996 ዓ.ም. መጨረሻ የተከሰተው ሳሰር የተሰኘው ዎርምም ተመሳሳይ ባሕርይ ነበረው። ለእርሱም ማሻሻያው ቀደም ብሎ ወጥቶ ሳለ ያልጫኑት ወገኖች ተጎድተዋል፤ ከእነዚህም መካከል የብሪታንያ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አገልግሎት ይገኝበታል። ሁለቱም ክስተቶች የሚያሳዩት የጥንቃቄ ጉድለቱ በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ እንደነበረ ነው።

የጥቅምት 2018 ዓ.ም. ለውጥ

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ባወጣው የደኅንነት ማሻሻያ፣ አጊር በመባል የሚታወቀውን የሞደም ድራይቨር ከዊንዶውስ ውስጥ አስወግዷል። ድራይቨሩ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ሲሆን፣ በውስጡ የተገኘው ክፍተት ለአጥቂዎች የተጋለጠው ሞደሙ ጥቅም ላይ ባይውልም ጭምር መሆኑን ኩባንያው አስታውቋል። በዚህም ምክንያት በዚህ ድራይቨር ላይ የተመሠረቱ የፋክስ ሞደሞች ማሻሻያው በተጫነባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ አይሠሩም።

ከዚህ የተነሳ የፋክስ ሞደማቸው በድንገት ሥራ ያቆመባቸው መሥሪያ ቤቶች መሣሪያው እንደተበላሸ አድርገው ከማሰብ በፊት ይህንን ማጣራት ይኖርባቸዋል። አገልግሎቱን ለማስመለስ ሲባል የደኅንነት ማሻሻያውን ማንሳት ሌላ አደጋ የሚጋብዝ በመሆኑ አይመከርም። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መጠናቀቁም ከግምት ሊገባ ይገባል።

የኃላፊዎች ድርሻ

የችግሩ ቴክኒካዊ ክፍል የባለሙያ ቢሆንም፣ ጉዳቱን የሚቀንሰው አሠራር የሥራ ኃላፊዎች ውሳኔ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የሰነዶች ቅጂ በመደበኛነት እንዲያዝና ኃላፊነቱ ለተወሰነ ሠራተኛ በጽሑፍ እንዲሰጥ ማድረግ ያስፈልጋል። በሁለተኛ ደረጃ ማንኛውም ኮምፒዩተር የቅርብ ኃላፊው ሳያውቅና የሰነዶቹ ቅጂ መኖሩ ሳይረጋገጥ ፎርማት እንዳይደረግ መመሪያ ሊኖር ይገባል። በሦስተኛ ደረጃ የጥገና ጥያቄ የሚቀርብበት ቅጽ ኮምፒዩተሩ የቆመበትን ሰዓት፣ በወቅቱ ይሠራ የነበረውን ሥራ፣ የታየውን የስህተት ቁጥርና በቅርቡ የተጫነውን ፕሮግራም እንዲያካትት ማድረግ የጥገናውን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥራል።

ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል ከሚል አንድ መስመር ይልቅ ሞደሙ ሲሰካ በሰማያዊ ገጽ ይቆማል፣ ሲነቀል ግን በደህና ይሠራል የሚል መግለጫ ለባለሙያው ግማሽ መልስ ነው። እንዲህ ያለውን መግለጫ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ምዝገባ ሲሆን፣ በአንጻሩ ያለ ጥንቃቄ በተደረገ ፎርማት የጠፋ የሕዝብ መዝገብ ቅጂ ከሌለው ተመልሶ የሚገኝበት ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው።